ጀርባውን ለጣና የሰጠው ትምህርት ቤት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አርክቴክት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ጣና ዳር ለኦ ክፍል ልጆች የሚሆን ትንሽ ትምህርት ቤት እየነደፈች ነው። «ጋሼ፣ መስኮቱን ከወለሉ ስንት ላንሳው? ያገኘሁት የድሮ ፕላን 1.20 ይላል። እንደዛው ልተወው?» ነው ያለችኝ።

ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው። ቁጥሩን ጽፎ መላክ ነው። እኔ ግን ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም አልሞተም። 1.20ን ግን አውቃታለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በራሴ እጅ፣ በራሴ እርሳስ ጽፌያታለሁ። ለልጅቷ መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ነው ነገሩ የረዘመው። ከረዘመ አይቀር ሥራ ለጀመራችሁትም ሁሉ ይሁን ብዬ ነው።

1986 ነው። ባህር ዳር የክልል ከተማ ከሆነች ብዙም አልቆየችም። በየቦታው ግንባታ ነው፣ በየቦታው ሰው ይፈለጋል። እኔ የ28 ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ አዲስ አበባ ልደታ ካለው ህንፃ ኮሌጅ ከወጣሁ ገና ነው። ፕላን ያኔ ተጠቅልሎ በብብት ነበር የሚያዘው። እንደ ዛሬ ፍላሽ ውስጥ አይገባም። እኔም ጥቅሉን ይዤ መንገድ ለመንገድ መታየት እወድ ነበር። ሰው «ኢንጂነር» ሲለኝ፣ አርክቴክት ነኝ ብዬ አላርምም። ደስ ይለኛል።

ሥራው አራት ክፍል ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ቦታው በጣና ደቡብ ዳርቻ፣ ወደ ዘጌ በሚወስደው በኩል ያለች ቀበሌ ናት። ስሟን አልጠራም። ያን ጊዜ የተማሩባት ልጆች ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው፤ ይህን ያነቡት ይሆናል። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ምስማር መንግሥት ያቀርባል። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ባህር ዛፍና ጉልበት የሕዝቡ ነው። ወንዶቹ ድንጋይ በባሬላ ያመላልሳሉ። ሴቶቹ ከጣና ውሃ በእንስራ ይቀዳሉ። አንዲት እናት ልጇን እንዳዘለች በአሮጌ ጣሳ አሸዋ ስታመላልስ አይቻለሁ። ጣሳዋ የዘይት ጣሳ ናት። ያቺን ጣሳ ለምን እንዳልረሳኋት አላውቅም።

ቦታው እንዲህ ነው። በሰሜን ጣና አለ፤ ደንገሉን ተሻግሮ ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። በምሥራቅ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ታንኳ ማቆሚያው የሚወርድ ጥርጊያ መንገድ አለ። ህንፃው 34 ሜትር የሚረዝም አንድ ብሎክ ነው። እንግዲህ ይህን ርዝመት ወዴት እናዙረው? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነበር። ለጣና ብሰጠው መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሆናሉ። ለመንገዱ ብሰጠው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይሆናሉ።

ለመንገዱ ሰጠሁት። ለምን? ለምረቃው እንግዶች በመኪና የሚመጡት በመንገዱ ነዋ! ከመኪና ሲወርዱ ህንፃው ፊት ለፊት ሙሉውን እንዲታይ ነው። ለፎቶ ነው። ሌላ ምክንያት እየፈለግሁ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ግን ለፎቶ ነው።

የቅየሳው ቀን ችካል ተክዬ፣ ሲባጎ ወጥሬ፣ በገመድ 3፣ 4፣ 5 እያልኩ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሳወጣ አንድ ሽማግሌ ከሰዎቹ መሃል ወጡ። በአካባቢው ያሉትን ቤቶች ግማሹን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ፋስ በእጃቸው ነው። ሲባጎውን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይኸ ቤት ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ መንገዱ ነው አባባ።»

«መንገዱ ምን ያደርግለታል? ነፋሱ የሚመጣው ከባሕሩ ነው። ፀሐይዋም ጧት በፊቱ፣ ማታ በጀርባው ትገባበታለች። ሰው ላሙን እንኳ እንዲህ አድርጎ አያስራት።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳቁ በእኔ ላይ መስሎኝ ጆሮዬ ጋለ። ጥቅሉን ከብብቴ አወጣሁና «አባባ፣ ፕላኑ እንዲህ ነው» አልኳቸው።

«እ… ፕላኑ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገሩም። የቀረችውን አንዷን ችካል ግን በፋሳቸው ጀርባ መትተው የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው።

ልጆቼ፣ «ፕላኑ ነው» የምትል ቃል ስንት አፍ እንደዘጋች ልነግራችሁ አልችልም። ሕዝቡ ጉልበቱን ሰጠ፣ ባህር ዛፉን ሰጠ፤ አሳቡን ግን የጠየቀው የለም። አሁን «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚባለውን ነገር ስሰማ የማስታውሰው ያቺን ችካል ነው።

ሽማግሌው ያሉት ነገር በትምህርት ቤት በደንብ የተማርኩት ነው። ባህር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ፀሐይ በቀትር ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። በታኅሣሥ ደግሞ በቀትር ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለን መስኮት ጣሪያውን ትንሽ ወጣ በማድረግ ከፀሐይ መከለል ይቻላል። የምሥራቅና የምዕራቡን ግን በጣሪያ አትከልለውም። ጧትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ፣ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ነው የምትገባው። ነፋሱም እንደዚያው። ቀን ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ስለሚግል ቀዝቃዛው አየር ከጣና ወደ የብስ ይነፍሳል። እኛ በደቡብ ዳርቻ ላለን ነፋሱ ከሰሜን ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሽማግሌው ያወቁት ላም በማሰር ነው። ፕላኑ ላይ ግን የእኔ ፊርማ ነው ያለው።

በሰሜን በኩል ለጣና የደረሰው የህንፃው አጭሩ ጎን ነው። ድፍን ግድግዳ አደረግሁት። 50 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጥሩ የጥቁር ድንጋይ ግንብ። አሁንም ስንጥቅ የለበትም፤ መሠረቱን ስናወጣ ዋልካውን አስቆፍሬ እስከ ጠንካራው አፈር ወርጄ ነበር። እንዲያው በዚህ በኩል ልኩራ።

የመስኮቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። «ልጆቹ ወደ ውጭ እያዩ እንዳይዘናጉ መስኮቱ ከፍ ይበል» ተባለ። ማን እንዳለው አላስታውስም፤ ሁላችንም ያልነው ይመስለኛል። 1.20 ጻፍኩ።

ምረቃው አማረ። በግ ታረደ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ ህንፃው እንዳሰብኩት ሙሉውን ይታያል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ለሌላ ሥራ ወደ ዘጌ ስሄድ ጎራ ልበል ብዬ ወረድኩ። ከሰዓት ነበር። ግቢው ጭጭ ብሏል። ትምህርት የለም ብዬ ልመለስ ስል ከሾላው ሥር የልጆች ድምፅ ሰማሁ። የአንደኛ ክፍሉ መምህር ጥቁር ሰሌዳውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ያስተምራል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሸከመለት ህንፃ ባዶውን ቆሟል።

«ከሰዓት እዚያ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም ጋሼ» አለኝ መምህሩ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ጋሼ ያለኝ ለማዕረጌ ነው። ማን መሆኔን አልነገርኩትም። የሚቆጣጠር ሰው መስዬው ይሆናል፣ ገብቶ አሳየኝ። በምዕራቡ መስኮቶች ላይ ጆንያ ሰቅለዋል። ፀሐይ እንዳትገባ ነው። ጆንያው ደግሞ ብርሃኑን ስለዘጋው ክፍሉ ጨልሟል። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፤ ኮርኒስ የለውም። ለኮርኒስ የሚሆን ብር አጥተን ነው የተውነው፤ ለፊት ለፊቱ በረንዳ የአርማታ ምሰሶ ግን ብር አልጠፋም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ይኸ ነው።

«ክረምት መግቢያ ላይስ?» አልኩት።

«ዝናብ ሲጥል የሚናገረው ጠመኔው ብቻ ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ። እስኪያባራ ማንም ማንንም አይሰማም።»

ከዚያ ድንጋይዋን አየሁ። በምሥራቁ ግድግዳ፣ ለሰሜኑ ጥግ በሚቀርበው በመጨረሻው መስኮት ሥር፣ ወለሉ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ላይዋ ከመረገጥ ብዛት ልስልስ ብሏል።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

መምህሩ ሳቀ። «እሷማ ሽልማት ናት። ጥያቄ የመለሰ ልጅ እሷ ላይ ይወጣና አንገቱን ወደ ግራ ጠምዝዞ ጣናን ያያል። እስከ አስር እንቆጥርለታለን።»

አንዲት ልጅ ከኋላችን ተከትላ ገብታ ነበር። «ላሳያቸው?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ሁለት እጇን በመስኮቱ ጠርዝ ያዘች። ጣቶቿ ብቻ ነጭ አሉ። ጉንጯን ከፍሬሙ ላይ ለጥፋ ወደ ሰሜን ጠመዘዘች። እኔም ከኋላዋ ጎንበስ ብዬ በዚያው አየሁ። ከግድግዳው ጥግ ወዲያ አንዲት ስንዝር የምታህል ሰማያዊ ውሃ ትታያለች። አንድ ታንኳ አቋረጣት።

ሜትር ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አለ። ልጅቷን ለካኋት። 1 ሜትር ከ9 ሳንቲ። ዓይኗ ከወለሉ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስትቀመጥማ አትጠይቁኝ። ሌሎቹ ልጆች ሲሰሙ ከሾላው ሥር ግር ብለው መጡና እኛንም ለካን ብለው ተሰለፉ። ሃያ ያህል ልጅ ለካሁ። ቁጥሩን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጻፍኩ፤ ያኔ አጨስ ነበር። ልጅ ስለካ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ትምህርት ቤት ነድፌ ጨርሻለሁ፤ አንድም ልጅ ለክቼ አላውቅም ነበር።

ስወጣ ሽማግሌውን ከሩቅ አየኋቸው። ከታንኳው ማቆሚያ ወደ ላይ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ወደ እሳቸው መሄድ ነበረብኝ። «አባባ፣ ልክ ነበሩ» ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ናት። በህንፃው ጓሮ ዞሬ፣ በቡናው መሃል ሾልኬ ወጣሁ። ዳግመኛ አልተገናኘንም።

ከዚህ የባሰም አለ። ያን ድፍን ግድግዳ መክፈት ይቻል ነበር። ሁለት መስኮት፤ ጥሩ ግንበኛ ከነረዳቱ ሳምንት አይፈጅበትም። ላዩ ላይ አጭር የአርማታ ማሰሪያ ማስገባት ነው። ግን ለማስከፈት ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። ደብዳቤው «በንድፉ ስህተት ምክንያት» ማለት አለበት። የሥራ እድገት እየጠበቅሁ ነበር። አልጻፍኩም።

እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት የት ይመስላችኋል? የኔታ ዘንድ ነው፤ ከወይራ ዛፍ ሥር። አቡጊዳ እያልን ጣናን እናያለን። የኔታ አንዱ ልጅ ውሃ ውሃ ሲያይ ሲያገኙት አለንጋቸውን ያነሱና «ባሕሩን አንብብልኝ እስቲ!» ይሉት ነበር። እንስቃለን። ዳዊት የደገምኩት ፔሊካን እየቆጠርኩ ነው። ተዘናግቼ ቀረሁ? አልቀረሁም። ያን ሁሉ ረስቼ ነው ልጆች ከመስኮት ውጭ እንዳያዩ ያልኩት።

እንግዲህ ምክር ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ የለኝም። ለሴት ልጆች መጸዳጃ ለብቻ ይሁን፣ ጣና ዳር ወባ ስላለ መስኮት ላይ ወንፊት ይግባ፣ ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ ይኑር፣ ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁትም ሙያ ቀይሩ።

ዋጋ ስለመቀነስ ግን የማየው ነገር ያናድደኛል። «ዘመናዊ ትምህርት ቤት» ሲባል ሬንደር የሚሉት የኮምፒውተር ሥዕል ይመጣል። መስታወት፣ የአልሙኒየም ልባስ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዛፍ፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ቀያይ ፀጉር ልጆች። የባህር ዳር ፀሐይ በዚያ መስታወት ውስጥ ስትገባ ክፍሉ ዳቦ ቤት ነው የሚሆነው። ምን ነካችሁ? ጫማችሁ ጭቃ አይነካም። አንዱ ልጅ ሳይቱን በጎግል ካርታ አይቶ ነድፎ ሲያመጣልኝ «ይህች አረንጓዴዋ ሜዳ ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። አዎ አለኝ። ደንገል ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲሞላ፣ የእሱ መጸዳጃ ቤት ውሃ ውስጥ ነው።

መቼም እናንተ ላይ ብቻ መፍረድ አይሆንልኝም። እኔ በአንድ ቀን ሙሉ በወረቀት የምሠራውን የፀሐይ መንገድ ስልካችሁ በሁለት ደቂቃ ያሳያችኋል። እኔ ያንን ባገኝ ኖሮ… ባገኝም ያው ለመንገዱ ነበር የምሰጠው። ችግሬ እውቀት አልነበረም።

ርካሽ ትምህርት ቤት ማለት ርካሽ ዕቃ ማለት አይደለም። ከሩቅ የሚመጣውን ዕቃ መቀነስ ነው። ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ መኪና ተጭኖ ይመጣል። ድንጋይ፣ አፈርና እጅ ግን እዚያው አለ። ቀይ አፈር ባለበት፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ተቀላቅሎ በእጅ ማሽን የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ጥሩ ግድግዳ ይሆናል። ሳይተኮስ ነው፣ ማገዶ አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ትዕግሥት። ከማሽን ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለሳምንት እየረጠበ፣ ተሸፍኖ፣ ከጥላ ሥር መቆየት አለበት። ፎርማኑ ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ካሰጣው አፈርህ አፈር ሆኖ ይቀራል። ዋልካን ግን ለዚህ አትሞክሩት። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ፎገራ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ጭቃ ጭቃ ትላለህ፣ የራስህ ቤት በብሎኬት አይደል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በብሎኬት ነው። የሠራሁት ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ጎረቤት «ኢንጂነሩ በጭቃ ሠራ» እንዳይል።

የአፈር ቤት የድሃ ነው የሚለውን ነገር ያስተወኝ አንድ ሰው ነው፤ አግኝቼው አላውቅም። ፍራንሲስ ኬሬ ይባላል፣ የቡርኪና ፋሶ ልጅ። በትውልድ መንደሩ በጋንዶ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው ትንሽ ሲሚንቶ የገባበት የአፈር ብሎኬት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እንደኛው። ግን ቆርቆሮውን ከክፍሉ ላይ በቀጫጭን ብረት ከፍ አድርጎ አነሳው። ከሥሩ ደግሞ ክፍተት ያለው የብሎኬት ኮርኒስ አለ። ሙቁ አየር በክፍተቱ ይወጣል፣ ነፋሱ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ያልፋል። የጋለውን ቆርቆሮ ከልጁ አናት አራቀው፤ ነገሩ ይኸው ነው። መንደሩ ነው የሠራው። ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፣ ልጆቹ ለመሠረቱ ድንጋይ ለቀሙ። በ2004 የአጋ ካንን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ፤ በ2022 ደግሞ ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ። ፎቶውን መጀመሪያ ሳየው ያቺ የዘይት ጣሳ ነች ትዝ ያለችኝ። እኛም እኮ ውሃ የሚቀዳ፣ ድንጋይ የሚለቅም ሕዝብ ነበረን።

ጋንዶን ግን እንዳለ አምጥታችሁ ጣና ዳር እንዳትተክሉት። የእኛ ዝናብ ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከነፋስ ጋር በጎን ነው የሚመታው። የአፈር ግድግዳ ጥሩ ጫማና ጥሩ ባርኔጣ ይፈልጋል። ጫማው ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ነው። ባርኔጣው ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል የሚወጣ ጣሪያ ነው። አሸንዳ ብትገጥሙ ጥሩ፣ ካልገጠማችሁ ውሃው የሚወድቅበትን መሬት በድንጋይ አንጥፉት። ለኮርኒስ ብር ካጠረ ከበረንዳው ምሰሶ ቀንሱ። አቡጀዴም ቢሆን ይወጠር። የደንገል ምንጣፍ ሞክሬ አውቃለሁ፤ የዝናቡን ድምፅ ደህና አድርጎ ይውጠዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን አይጥ ወረሰው። ቢሆንም ጥቂት ዓመት ልጆቹ መምህራቸውን ሰምተዋል።

ስታንዳርድ ፕላን የሚባለውን ነገር እጠላዋለሁ። ቆላ ደጋ ሳይል አንዱን ብሎክ እየገለበጡ መትከል ነው። እንዲህ እላለሁ ግን ስንት ቀበሌ ፕላን የሚሠራለት ባለሙያ አለው? ስታንዳርድ ባይኖር ስንቱ ትምህርት ቤት ጭራሽ አይሠራም ነበር። ስለዚህ እንኳን ኖረ። ብቻ ወረቀቱ ላይ የሰሜን ቀስት ትልቅ ተደርጋ ትሣል፣ ከሥሯም «ቦታው ላይ ሽማግሌ ጠይቅ» ተብሎ ይጻፍ። ይህን አንድ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ሁሉም ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት ወደዚያች ቀበሌ ሄድኩ። ለቅሶ ነበረብኝ በዚያ በኩል። ትምህርት ቤቱ አድጓል። ሦስት ብሎክ ተጨምሮለታል። ሦስቱም ከእኔው ብሎክ ጋር ተሰልፈው፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ቆመዋል። የነደፏቸው ሰዎች አይፈረድባቸውም። አንድ ጊዜ የመጀመሪያው ህንፃ ከቆመ የሚቀጥለው ከእሱ ጋር መሰለፍ አለበት፤ አለዚያ ግቢው አያምርም። የእኔ ስህተት መስመር ሆኖላቸዋል።

ወደ መጨረሻው ክፍል ገባሁ። ድንጋይዋ የለችም። ወለሉ ሲሚንቶ ተደርጎበታል። በሰሜኑ ድፍን ግድግዳ ላይ ግን፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ሰው ሥዕል ሥሏል። ሰማያዊ ውሃ፣ ዓሣዎች፣ አንዲት ታንኳ፣ ሁለት ፔሊካን። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ጣና ሐይቅ» ተብሎ ተጽፏል። እውነተኛው ጣና ከሥዕሉ ጀርባ፣ ግንቡን ተሻግሮ፣ ደንገሉ ወዲያ ነው። ሥዕሉ ጥሩ ነው። ቆሜ ብዙ ጊዜ አየሁት። የጥበቃ ሠራተኛው «ጋሼ፣ ምን ጠፋዎት?» እስኪለኝ ድረስ።

ለልጅቷ ማታ መለስኩላት። «60 ሳንቲ አድርጊው፤ ከዚያ በላይ እንዳታስነሺው። ከመወሰንሽ በፊት ግን አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ትንሽ በርጩማ ላይ አስቀምጪና ዓይናቸው ከወለሉ ስንት ላይ እንደሚደርስ ለኪ። ረጅሙን ጎን ለጣና ስጪው። ቦታው ላይ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ አብረሽው ቡና ጠጪ፤ ፕላኑን ግን ቤት ትተሽው ሂጂ።»

ወዲያው መለሰችልኝ። እነዚህ ልጆች ሌሊትም አይተኙም። «እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን በ60 ሳንቲ ልጆቹ በመስኮት ዘለው አይወጡም?»

«ይወጣሉ» አልኳት። «በውጭ በኩል ሣር ትከይበት።»